አለቃ ያላለው ቃል

«ከአለቃ በኋላ የመጡት ካፒቴኖች በሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ ናቸው፣» አለ ጓንጉል ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደግፎ። «አንድም ሰው አይመቱም። ሦስተኛውን ሲዝን የማየው እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ብቻ ነው።»

«አንተ ካልተማቱ ፊልም አይመስልህም፣» አለችው ናፍቆት። «ሁለተኛዋ ካፒቴን አንድ ጥይት ሳትተኩስ ስንት ፕላኔት አስታረቀች?»

«እሷማ ካፒቴን አይደለችም፤ የቀበሌ ሽማግሌ ናት።»

ደጃፉ ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ኑሰይባም ከባንኮኒው ጀርባ ሆና፣ አንዱን ፍላሽ ነቅላ ሌላውን እየሰካች፣ ሳቀች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከዲላ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው የወንድሟ ፊልም መጫኛ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ተሰብስበው በ«ሰባተኛው ምህዋር» ሳይጨቃጨቁ ያለፈ ቅዳሜ አልነበረም።

ተከታታይ ፊልሙ ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣል። አንድ መርከብ ሲፈነዳ ሌላ ይሠራል፤ አንድ ካፒቴን ሲያረጅ ሌላ ይሾማል። የመጀመሪያው ሲዝን መርከብ ብርማ ቀለም የተቀባ ማንቆርቆሪያ ይመስላል፤ የመጨረሻዎቹ መርከቦች ደግሞ ከመብለጭለጫቸው የተነሳ ውስጣቸው ማን እንዳለ አይለይም። ዲላ ውስጥ ግን የድሮውም የአዲሱም የሚታየው በአንድ ሰው ድምፅ ነው። የኑሰይባ ታላቅ ወንድም ሚክዳድ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ማይክ ይዞ ይቀመጥና፣ የእንግሊዝኛውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ በላዩ ላይ በአማርኛ ይተርከዋል። የወንዱንም የሴቷንም የሮቦቱንም ቃል የሚናገረው እሱ ራሱ ነው። ካፒቴን ዴልማርን «አለቃ» ያለው እሱ ነው። ሮቦቱን «ቆርቆሮ»፣ መርከብ እያስቆሙ የሚበረብሩትን ግራጫ ፍጡራን ደግሞ «ቀረጦች» ብሎ የሰየማቸውም እሱ ነው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ያብስራ ብቻ ነበር።

ያብስራ የዚያን ቀን የኤሌክትሪክ ምሰሶውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ከኑሰይባ ጋር ዘጠነኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። አባቱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስተምራል፣ ቤታቸው ዋይፋይ አለ፤ ስለዚህ ፍላሽ ማስጫን አያስፈልገውም ነበር። የሚያስጭነው ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ለመቆም ሰበብ እንዲሆነው ነው። ይህን ከኑሰይባ በቀር ያወቀበት የለም።

ገመቹ ባጃጁን አስፋልቱ ዳር አስጠግቶ ወረደ። በዕድሜ ይበልጣቸዋል፣ ትምህርት ካቆመም ቆይቷል፤ በምህዋር ጉዳይ ግን ከማንም ጋር እኩል ይጨቃጨቃል። የባጃጁ የኋላ መስታወት ላይ በቢጫ ፊደል «ያላንቺ ቤት አልገባም — አለቃ» የሚል አስለጥፏል።

«ዛሬ ደግሞ በምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ምርጡ ካፒቴን ማን ነው እያልን ነው፣» አለችው ናፍቆት።

«ይሄም ያጨቃጭቃል? አለቃ ነዋ። ሪናን እዚያ የተሰባበረ ጣቢያ ላይ ጥሏት ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ ምን አላት? ‹ያላንቺ ቤት አልገባም።› አለቀ። ሌላ ካፒቴን እንደዚህ ብሎ ያውቃል?»

«አላላትም፣» አለ ያብስራ።

ሁሉም ወደ ምሰሶው ዞሩ።

«ምን አልክ?» አለ ገመቹ።

«አለቃ እንደዚያ አላላትም። እንግሊዝኛው ላይ አንድ ቃል አይናገርም። መካኒኳ ሪና በመስታወቱ በኩል ታየዋለች፣ እሱም ያያታል፣ ከዚያ በሩን ይዘጋል። ውጭ ያሉት አድናቂዎች ስለዚያች በር እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ፈሪ ነው የሚሉ አሉ፤ ጨክኖ መርከቡን አዳነ የሚሉም አሉ። ነገሩ እኮ ዝም ማለቱ ነው። ቃል ገባላት የሚል ግን ከዲላ ውጭ አንድም ሰው የለም።»

«‹ከዲላ ውጭ›፣» አለ ጓንጉል። «ሰማችሁ? እኛ ፋራ ነን።»

«ፋራ አላልኩም። ግን አስቡት፤ ያላንቺ ቤት አልገባም ካለ፣ አምስተኛው ሲዝን ላይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሾርባ የሚጠጣው ምን ሆኖ ነው?»

«እሱ የኪራይ ቤት ነው፣» አለ ገመቹ ሳያመነታ።

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ድሮ ብዙ ተጨቃጭቀውበት የዘጉት ጉዳይ ነበር። ያብስራ ግን ሳቀ፤ መሳቅ አልነበረበትም። የገመቹ ፊት ተለዋወጠ።

«ባጃጄ ላይ የለጠፍኩት ውሸት ነው እያልከኝ ነው? ሚክዳድ ዋሸን?»

«ዋሸ አልወጣኝም። ጨመረበት ነው ያልኩት። ኑሰይባ፣ እስቲ ንገሪያቸው። ሐሙስ ዕለት አብረን አይተነው የለ?»

አይተውታል። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱን ኢርፎን እሱ፣ አንዱን እሷ ጆሯቸው ውስጥ ከተው። በሩ ጋ ሲደርስ ድምፅ ሲጠፋባት ኢርፎኑ የተበላሸ መስሏት አውጥታ አራገፈችው። «አልተበላሸም፣» ብሏት ነበር ያብስራ። «ዝም ብሎ ነው።» እንደገና አየችው። አለቃን የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የእውነት ሰው መሰላት።

ቀና ስትል ሚክዳድ የኋለኛዋ ክፍል በር ላይ ቆሟል። ሄድፎኑ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ራሱን አልነቀነቀም፣ በዓይኑም አልጠቀሳትም። እንደዚያ ቢያደርግ ኖሮ ቢያንስ መናደድ ትችል ነበር። እሱ ግን ሐኪም ውጤት እስኪነግረው እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ አያት።

«ያየነው የተቆረጠ ኮፒ ነው፣» አለች ኑሰይባ። «መሃል ላይ ድምፁ ይጠፋል።»

«ኦሪጅናሉ ተቆርጧል፣» አለ ጓንጉል ወዲያው። «ዋይፋያቸው ነው የቆረጠው።»

«በል ኦሪጅናል፣ ቤት ስትገባ አስቀጥለው፣» አለ ገመቹ። አሁን እየሳቀ ነበር፤ ሌሎቹም አጀቡት።

ያብስራ የምትለው ነገር የቀራት ይመስል ኑሰይባን ጥቂት ጠበቃት። ከዚያ ዞሮ አስፋልቱን ተሻገረ። ፍላሹን እንኳ አልወሰደም። ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ትንሿ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

ሱቁን ሲዘጉ ሚክዳድ ከጎረቤት ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠላት። ስለ ቀኑ አንድ ነገር አላነሳም። በእነሱ ቤት አመሰግናለሁ የሚባለው እንዲህ ነው።

«ለምንድን ነው የጨመርክበት?» አለችው ሳምቡሳውን ሳትነካ።

«ዝም ስለሚል ነዋ።»

«እሱ ዝም ካለ አንተም ዝም ትላለህ።»

«ብዬ ነበር እኮ።» ሚክዳድ ገመዶቹን መጠቅለል ጀመረ። «የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ እኔም ዝም አልኩ። በማግስቱ ያስጫነ ሁሉ ፍላሹን ይዞ መጣ። ‹ትርጉሙ ይቆረጣል፣ ማሽንህ ተበላሽቷል፣ ብራችንን መልስ።› አንዱ እንዲያውም ሊደበድበኝ ነበር። ያን ዕለት ማታ ተቀምጬ ያንን ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሰውም። ትርጉም ላይ ዝምታ የለም፣ ኑሴ። ሰውዬው አፉን ቢዘጋ እኔ እንድከፍትለት ነው የሚከፍሉኝ።»

«ያብስራ ግን እውነቱን ነው የተናገረው።»

«እውነቱን ነው። ታዲያ እሱ ምን ይጎድልበታል?»

ይህን ያለው በክፋት አልነበረም፤ የከፋው ያ ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚህች ሱቅ ነው። ፊልሙን ሁሉ ቴሌግራም ላይ በነጻ ማግኘት በሚቻልበት ጊዜ ሰው አሁንም ፍላሽ ይዞ የሚመጣው የሚክዳድን ድምፅ ስለለመደ ነው። ሚክዳድ ከራሱ የጨመረ መሆኑ ከተወራ፣ ነገ ሁሉም «ሌላውስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላውም ቢሆን መልስ እንደሌለው ኑሰይባ ታውቃለች። ቆርቆሮ በእንግሊዝኛው አንድም ቀልድ አይቀልድም።

ሳምቡሳውን በላችው። ቀዝቅዞ ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ በረፍት ሰዓት የትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ «የምህዋር ሰዓት» የሚል ዝግጅት ያቀርባል። ሐሳቡ የያብስራ ነው። ተማሪዎች አስተያየታቸውን በወረቀት ጽፈው ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፤ ያብስራና ኑሰይባ ማይኩን እየተቀባበሉ ያነባሉ፣ ይከራከራሉም። እሱ ማንም የማያሸንፍበትን ሦስተኛውን ሲዝን ይወዳል፤ እሷ ደግሞ ሁሉም የሚጠላውን አራተኛውን፣ መርከቡ ተበላሽቶ ሙሉ ሲዝኑን አንድ ቦታ ቆመው የሚጣሉበትን። «የእኛ ቤት ነው የሚመስለው፣» ብላ በማይክ ተናግራ ግቢው በሳቅ ተናውጦ ያውቃል።

የዚያን ረቡዕ ያብስራ ማይኩን እንዳነሳ ከሜዳው «ኦሪጅናል» የሚል ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ብዙ፣ ከዚያ በጭብጨባ። እሱ ማንበቡን ቀጠለ። እነሱም ቀጠሉ። አንዱ፣ ምናልባት ጓንጉል፣ «ተቆረጠ፣ ተቆረጠ» ሲል ሌሎቹ ተቀበሉት።

የክበቡ ኃላፊ መምህር ሀብተ ጊዮርጊስ ጫጫታ አይወዱም። ከቢሮ ወጥተው መጡና ማይኩን ከያብስራ እጅ ወስደው ለኑሰይባ ሰጧት።

«ለጊዜው አንቺ ብቻሽን አቅርቢ። አንተ ልጅ፣ ምን አስቀየምካቸው?»

«ምንም፣ ቲቸር፣» አለ ያብስራ።

ኑሰይባ ማይኩን ያዘችው። ላብ ነበረበት። ቆርቆሮ እንደ ሠራተኛ ይቆጠራል ወይስ እንደ ዕቃ የሚል አስተያየት አነበበች፤ ስለ ቀረጦች የተጻፈ ቀልድም አነበበች፤ ሜዳው ሳቀላት። ያብስራ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ተንበርክኮ ማንም ያላዘዘውን ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ሲጨርስ ፈታውና እንደገና መጠቅለል ጀመረ።

ደወል ከተደወለ በኋላ ክፍል በር ላይ ጠበቃት።

«ወንድምሽን ነው የሸፈንሽው፣ ይገባኛል፣» አላት። «ግን ‹አላስታውስም› ማለት ትችዪ ነበር። ‹አላየሁም› ማለት ትችዪ ነበር። ‹የተቆረጠ ነው›ን ከየት አመጣሽው?»

«ፊልም እኮ ነው፣ ያብስራ። ለፊልም ይህን ያህል።»

«ለፊልም ነው እንዴ ማይኩን የያዝሽው?»

«ሰጡኝ እንጂ አልቀማሁህም።»

«ልክ ነሽ፣» አላት። «አልቀማሽኝም።»

ከዚያ ወዲህ አብረው ከሚቀመጡበት ወንበር ተነስቶ ከኋላ ተቀመጠ። ቅዳሜም ምሰሶው ጋ አልቆመም። እሷ ማታ ማታ ለእሱ የምትመልሳቸውን መልሶች ታዘጋጃለች፤ ሁሉም ጥሩ ጥሩ ነበሩ፣ አንዱም ግን እውነት አልነበረም።

የመጨረሻው ሲዝን የወጣው ቡና ሊለቀም ሲል ነው። በዚያ ወቅት የአሪቻ ቡና ማጠቢያ ሠራተኞች ሜሞሪ ካርዳቸውን ሰብስበው ይልካሉ፣ ሚክዳድም ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው እነሱን ነው። ማንም ሳይቀድመው መጨረስ ፈለገ። የኋለኛዋ ክፍል ግድግዳ ላይ ድምፅ እንዳይመልስ አሮጌ ፍራሽ ተለጥፏል፤ በሩ ሲዘጋ ትንፋሽ ያጥራል። ኑሰይባ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ከእሱ የተሻለ እንግሊዝኛ ስላላት፣ የከበደውን ትነግረዋለች፤ እሱ በራሱ አነጋገር ይለዋል። በዚህ ሥራ ላይ ሲሆን ትወደዋለች። አሮጊት ሲሆን አሮጊት ይሆናል፣ ሕፃን ሲሆን ሕፃን።

የመጨረሻው ክፍል ላይ መካኒኳ ሪና ትመለሳለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። አለቃን በር ላይ አግኝታ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀዋለች።

«ምን አለችው?» አለ ሚክዳድ።

«‹ያን ጊዜ አንድ ቃል እንኳ ያልተናገርከኝ ለምንድን ነው?›»

ሚክዳድ ቀረጻውን አቆመው። ጥቂት አሰበና እንደገና ከፈተው። ወደ ማይኩ ጠጋ ብሎ፣ በሪና ድምፅ፣ «ቃልህን ስጠብቅ አረጀሁ፣ አለቃ፣» አለ።

በስክሪኑ ላይ አለቃ ወለሉን ያያል። ካሜራው አይንቀሳቀስም። ከንፈሩ አንዴ ይከፈትና መልሶ ይዘጋል።

«ይኸው እስከ ዛሬ ቤት አልገባሁም፣» አለ ሚክዳድ፣ ድምፁን ሰበር አድርጎ።

ኑሰይባ እጇን ዘርግታ ቀረጻውን አጠፋችው።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም አይላትም። አሁንም ምንም አይላትም። እኮ ለዚህ ነው የመጣችው።»

«አይቻለሁ። ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ ተወው። አንድ ጊዜ ብቻ። መጨረሻው ነው።»

«መጨረሻው ስለሆነ ነው የማልተወው። ሰው በድሮዋ በር ምክንያት እኮ ነው እስከዚህ ያየው። ገመቹ ይህን ሊሰማ ነው የሚመጣው። ልጁ ነው እንዴ እንዲህ ያስባለሽ?»

«እኔ ነኝ የምለው።»

«አንቺማ ብለሻል።» ሚክዳድ ሄድፎኑን አወለቀ። አልተቆጣም። «ሰው ሁሉ ባለበት፣ የተቆረጠ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አፌን አልከፈትኩም። አሁን ምን ልሁንልሽ?»

ቀረጻውን ራሱ አበራውና ጨረሰው። ማለዳ ወደ አሪቻ ይዟቸው የሚሄደውን ካርዶች ሞልቶ አስቀመጠ። የከተማውን ደግሞ እሱ ሲሄድ ኑሰይባ ትጭናለች።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ የያብስራን ፍላሽ ኪሷ ከታ ወደ ዩኒቨርሲቲው መምህራን ቤቶች ወጣች። በር የከፈቱላት እናቱ ነበሩ፤ ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ።

«ግቢ ልጄ። ጓደኛው ነሽ? እንዲያው ሰሞኑን ከቤት አልወጣም ብሎ አስቸገረን። ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚሄድ ነበር የምቆጣው፤ አሁን ደግሞ ሂድ ብለው እምቢ አለ።»

ኑሰይባ በሩ ላይ መቆም መረጠች። ያብስራ ሸበጡን እየጎተተ ወጣ። ፍላሹን ስትሰጠው ተቀበላት።

«መጨረሻውን አየኸው?» አለችው። ሌላ የምትለው ነገር ጠፍቷት ነው።

«አላየሁም።»

«ሪና ትመለሳለች። በሩ ላይ…»

«አትንገሪኝ። ማየት አስጠልቶኛል።»

ይህን አልጠበቀችም። ይሰድበኛል ብላ ነበር፣ ያባርረኛል ብላ ነበር። ምህዋርን ይተወዋል ብላ ግን አላሰበችም። በመላው ዲላ ያንን ፊልም በትክክል ያየው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«አጥፍቻለሁ፣» አለች። «ያኔ ያልኩት ውሸት ነው። የተቆረጠ አልነበረም።»

ያብስራ ፍላሹን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየው።

«ለገመቹ ነግረሻል?»

«አይ።»

«ለጓንጉልስ? ለቲቸር ሀብተ ጊዮርጊስ?»

«አልነገርኩም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እናቱ ከውስጥ ይሰሙ ነበር። «እኔ እንደሆነ አውቀዋለሁ።»

ደህና እደሪ አላትና በሩን ዘጋው። ኑሰይባ ቁልቁለቱን ወረደች፤ በመንገዷ ሁሉ ተናደደች፣ መጀመሪያ በእሱ፣ ከዚያ በሚክዳድ፣ የከተማው መብራት ጋ ስትደርስ ግን የምትናደድበት ሰው አልቆባት ነበር።

ሚክዳድ በመጀመሪያው የይርጋጨፌ ሚኒባስ ሄደ። ከዚያ በሞተር ሳይክል አሪቻ ይደርሳል። «ገመቹ መጀመሪያ ይመጣል፣ አታስጠብቂው፣» ብሏት ነው የሄደው።

ኑሰይባ የሱቁን በር ግማሹን ብቻ ከፍታ ኮምፒውተሩን አበራች። የመጨረሻውን ክፍል አወጣች። የሚክዳድ ድምፅ ለብቻው፣ የፊልሙ ድምፅ ለብቻው፣ ሁለት መስመር ሆነው ስክሪኑ ላይ ተዘርግተዋል። በአለቃ ዝምታ ላይ የሚክዳድ ድምፅ እንደ ተራራ ብድግ ብሎ ይታያል። መረጠችውና አጠፋችው፤ መስመሩ ተስተካከለ። የሪናንም ቃል አጥፍታ በራሷ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛው እንዳለው፣ ቀዳችው። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ አልደገመችውም። ከዚያ የድሮውን፣ የበሩን ክፍል ፈልጋ አገኘች። «ያላንቺ ቤት አልገባም።» አንድ ጊዜ ሰማችው። ጥሩ አድርጎ ነው ያለው፤ ያኔ ገና ልጅ ነበር፣ ድምፁ ላይ ይታወቃል። እሱንም አጠፋችው።

አሪቻ የሄደው ግን ሄዷል። ማጠቢያው ውስጥ አለቃ ዛሬም ቤት አልገባም። ያንን ማስቀረት አትችልም።

ገመቹ መጣ፣ ፍላሹን ሰጠ፣ «የድሮዋን በርም ጨምሪልኝ፣ አያይዤ ላየው ነው፣» ብሎ ሄደ። ጓንጉልም ላከ። ናፍቆትም መጣች። ኑሰይባ ጫነችላቸው።

ከሰዓት በኋላ ገመቹ ባጃጁን ከወትሮው ፈጠን አድርጎ አቆመና ገባ። ሞተሩን አላጠፋም።

«ኑሴ፣ ፍላሹ ተበላሽቷል። ሪና አንቺን መስላ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ጭጭ። ሚክዳድ ጠፋ። የድሮውም እንደዚያው፣ በሩ ላይ ጭጭ ነው።»

«አልተበላሸም።»

«እንዴት አልተበላሸም? አለቃ ምንም አይልም እኮ።»

«አዎ።»

ገመቹ ፍላሹን ባንኮኒው ላይ እንዳደረገ ቆመ።

«ታዲያ ምን ነበር የሚላት?»

«ምንም። ያኔም ምንም አላላትም፤ አሁንም አይላትም። ሌላው ሚክዳድ የጨመረው ነው።»

ገመቹ ወደ ውጭ፣ ወደ ባጃጁ፣ ዞር ብሎ አየ። ቢጫው ጽሑፍ ከዚህ ሆኖ በደንብ ይነበባል። ብዙ ሰው ያንን አይቶ ነው የሱን ባጃጅ የሚያስቆመው፤ ብሏት ያውቃል።

«ኦሪጅናል ያለው ነው በይኛ፣» አለ በመጨረሻ።

«ስሙ ያብስራ ነው። አዎ፣ እሱ ያለው ነው። የተቆረጠ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለጓንጉልም ንገረው።»

«ራስሽ ንገሪው፣» አለ ገመቹ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። «እኔ የሰው ወሬ አላመላልስም።» ግን አልሄደም። «ሚክዳድ ያውቃል?»

ኑሰይባ በትከሻው በኩል ወደ ውጭ አየች። ከመንገዱ ማዶ የይርጋጨፌ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ያወርድ ነበር። ሚክዳድ ባዶ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወረደ፤ ሱቁ ፊት ለፊት የቆመችውን ባጃጅ ሲያይ እጁን አነሳ፣ ፈገግ ብሎ።

ፍላሹን ከባንኮኒው ላይ አነሳችና ደጃፉ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ ሰካችው። የበሩን ቦታ ፈልጋ አገኘች። ሪና በመስታወቱ በኩል ታያለች፤ አለቃ ያያታል። የገመቹ ባጃጅ ሞተር ይንተከተካል።

«አጥፋው እስቲ፣» አለችው። «አይሰማም።»

ገመቹ ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። ሚክዳድ አስፋልቱን እየተሻገረ ነበር። ኑሰይባ ሪሞቱን አነሳችና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።